ፎርማን አላረፈም

ውድ እትዬ፣

የአጎታችን ሚስት ባለፈው እሑድ ቤቴ ድረስ መጥታ መልእክትሽን አድርሳኛለች። ግቢ ብላት አልገባ ብላ፣ በር ላይ እንደቆመች፣ «ይቅር ብያታለሁ በያት ብላኛለች» አለችኝና ከባድ ሸክም እንዳወረደ ሰው ትንፋሿን ለቀቀች። ሦስት ዓመት ከአራት ወር ተዘጋግተን፣ አንድ ከተማ ውስጥ እየኖርን ጤናችንን በሰው በሰው ስንጠያየቅ ከርመን፣ ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። አንቺ ቃልሽን እንዲሁ የምትበትኚ ሰው አይደለሽም።

ግን አልቀበለውም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ይቅርታሽን ለመመለስ ነው። ይቅር የሚባለው ያጠፋ ሰው ነው፤ እኔ አላጠፋሁም። ፊት ለፊት እንዳልነግርሽ፣ አንቺ ፊት ስቆም ምላሴ እንደሚተሳሰር ታውቂያለሽ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ እያለሁም እንዲሁ ነበር፣ ሠላሳ አራት ሞልቶኝም እንዲሁ ነው። ወረቀት ላይ ግን አይተሳሰርም።

ውሃ ከጥሩ፣ ነገር ከሥሩ። ከሥሩ ልጀምር።

ውሻዬ ፎርማን እጄ እንዴት እንደገባ ነግሬሽ አላውቅም፤ አንቺም አልጠየቅሽኝም። ከእኔ ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ አንድ የባንክ ሠራተኛና ሚስቱ ይኖሩ ነበር። በስልክ ቪዲዮ አንድ ውሻ ሳይጮህ፣ ሳይነክስ፣ በዓይኑ ብቻ ሁለት መቶ በግ ሲነዳ አይተው ልባቸው ጠፋ። የዚያኑ ዝርያ ቡችላ አፈላልገው አስመጡ። ጥቁርና ነጭ፣ አንዱ ዓይኑ ቡናማ፣ አንዱ ሰማያዊ። ሰፈሩ በሙሉ አብሮት ፎቶ ተነሣ። ከዚያ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩን ዘግተውበት ይወጣሉ፣ ማታ አሥራ ሁለት ላይ ይመለሳሉ። ቀኑን ሙሉ ተራራ ለተራራ እንዲሮጥ የተፈጠረ ፍጡር ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አሥር ሰዓት ተቀምጦ የማቀዝቀዣውን ድምፅ ያዳምጣል። ዓመት ሳይሞላው ሶፋውን እስከ እንጨቱ ድረስ ጨረሰው። ቀጥሎ የበሩን መቃን ያዘ። ቀጥሎ የግድግዳውን ልስን። ሰውየው ወደ ሌላ ከተማ በተዛወረ ጊዜ ማሰሪያውን እጄ ላይ አስቀምጦ፣ «አንቺ ብርቱ ነሽ፣ ትችይዋለሽ» አለኝ። ብርቱ ነሽ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው ስለሆነ ይሁን ወይም የውሻው ዓይን አሳዝኖኝ እንጃ፣ ተቀበልኩት።

ስሙን ያወጣለት የሕንፃው ጥበቃ ነው። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ የሠራተኛ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ተበታትነው ስልካቸውን ያያሉ። ፎርማን በዙሪያቸው አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ይዞርና ሳያውቁት አንድ ላይ ሰብስቧቸው ያርፋል። ፈንጠር ያለ ካለ ፊቱ ሄዶ ጎንበስ ብሎ ያፈጥበታል፤ ሰውየውም ምን እንደነካው ሳያውቅ ወደ ሰልፉ ይመለሳል። ጥበቃው በሳቅ እንባውን እየጠረገ፣ «ይኼ ምኑ ውሻ ነው፣ ፎርማን ነው እንጂ» አለ። በዚያው ቀረ።

አሁን ራሴን ንጹሕ ላድርግ አልልም። እኔም በሩን ዘግቼበት ነበር ሥራ የምሄደው። ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት አስሮጠዋለሁ፤ ለእሱ ግን ያ እንደ አንድ ጉርሻ ነበር። እቤት ሲሆን ጅራቱን ተከትሎ ይሽከረከራል፣ የአምፖል ጥላ ያሳድዳል፣ የፊት እግሩን እስኪቆስል ይልሳል። አይቼ እንዳላየ ሆኛለሁ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልጆች ግቢ ውስጥ ኳስ ሲጫወቱ ከእጄ አመለጠና ስድስቱንም ሰብስቦ ጥግ አስያዛቸው። መጀመሪያ ሳቁ። በኋላ ፈሩ። የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢዋ ልጅ ሮጣ ልትወጣ ስትል ተረከዟን ያዛት። ካልሲዋ ተቀደደ፣ ሁለት ቀይ ነጥብ ወጣ። ዝርያው ያፈነገጠ በግ የሚመልሰው ተረከዙን ቆንጠጥ አድርጎ እንደሆነ ዛሬ አውቃለሁ። ያን ጊዜ አላውቅም ነበር፣ ብታውቂም ለእናት አይነገርም። ልጅቷን ይዤ ሐኪም ቤት ሄድኩ፣ ይቅርታ ጠየቅኩ። እዚያ ላይ አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታውንም የጠየቅኩት የሚገባቸውን ሰዎች ነው። ሰብሳቢዋ ተቆጣች፣ መቆጣትም ይገባታል። ስለ ውሻው የሐኪም ወረቀት አምጪ አለችኝ።

እኔም በኩራት፣ «እህቴ የእንስሳት ሐኪም ናት» አልኳት።

ክሊኒክሽ ውስጥ ከመዝገብሽ በላይ የግድግዳ ሰዓት አለ። ፎርማንን ጠረጴዛው ላይ ስናወጣው አራት ሰዓት ከአምስት ይል ነበር። ጥርሱን አየሽ፣ የቆሰለ እግሩን አየሽ፣ መሬት ላይ አውርደሽው ለደቂቃ ያህል ሲሽከረከር ተመለከትሽ። ጓንትሽን አወለቅሽ።

«ይኼ ዝርያ ለፎቅ ቤት አይሆንም» አልሽኝ። «ሥራ ካጣ ያብዳል። አብዷል። እንዲህ ያለ በዓመት አርባ ይመጣልኛል። ሳይብስበት በመርፌ እናሳርፈው።»

«ሥራ ባገኝለትስ?»

ሳቅሽ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ የደከመው ሰው ሳቅ ነበር። «እዚህ ከተማ መሀል የምን በግ ልታመጪለት ነው?»

ማሰሪያውን ማሰር ጀመርኩ። እንደማልተውልሽ ሲገባሽ ነው ያንን የተናገርሽው፤ ምናልባት ረስተሽው ይሆናል፣ እኔ ግን ቃል በቃል ይዤዋለሁ። «አንቺና እሱ አንድ ናችሁ» አልሽ። «የትም ቢያስገቧችሁ ነቅላችሁ የምትወጡ።»

በሩን ስከፍት ሰዓቱ አራት ከአሥራ ሰባት ይል ነበር። አሥራ ሁለት ደቂቃ።

እትዬ፣ ያደረግሽልኝን አልክድም። እናታችን ስትሞት ሃያ ሁለት ዓመትሽ ነበር። እኩያዎችሽ ሲዳሩ አንቺ ፀጉሬን ትሠሪ ነበር፤ በትኩሳቴ ጊዜ መጽሐፍሽን ጉልበትሽ ላይ ዘርግተሽ፣ በአንድ እጅሽ ግንባሬን ይዘሽ ለፈተና ታጠኚ ነበር። ውለታ ቢመዘን መሬት ይሰነጥቃል። የላቦራቶሪ ሙያ ትምህርት ቤት ያስገባሽኝም ለእኔው ብለሽ ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ጥዬ ወጥቼ የውሃ መሥሪያ ቤት ቧንቧ ሠራተኛ ስሆን፣ ዶማ ይዤ ጉድጓድ ስገባ፣ ያፈርሽብኝ ይመስለኛል። ለሰው «እህቴ የውሃ መሥሪያ ቤት ናት» ትያለሽ እንጂ ምን እንደምሠራ ተናግረሽ አታውቂም። የሚሰማሽ ሰው ጠረጴዛና ወንበር ያስባል። እኔ ግን ያን ላቦራቶሪ ውስጥ ነጭ ካፖርት ለብሼ ስቀመጥ፣ ፎርማን ከማቀዝቀዣው ጋር ያሳለፈውን ቀን ነበር የማሳልፈው። ስለዚህ አንድ ናችሁ ያልሽው እውነት ነው። የተሳሳትሽው ነቅላችሁ የምትወጡ ያልሽው ላይ ነው። የምንገባበትን ስንፈልግ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሰብሳቢዋ ወረቀት አሳየችኝ። «ለሕዝብ አደገኛ ስለሆነ እንዲወገድ ይመከራል» ይላል። እኔ ሳልጠይቅሽ፣ እሷ ስልክ ደውላልሽ ጽፈሽ ልከሻል። ፊርማሽን ለማወቅ ስምሽን ማንበብ አላስፈለገኝም፤ ጭራው ረዥም የሆነው ያ ፊርማ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ የትምህርት ቤት ካርዴ ላይ ሁሉ አለ። አንድ ሳምንት ሰጡኝ።

ቤቱን ለቀቅኩ። ዘመድ ሁሉ «ለውሻ ብላ ቤቷን ለቀቀች» ብሎ እንደሳቀብኝ ሰምቻለሁ። አንቺም ሳትስቂ አልቀረሽም። ከመሥሪያ ቤታችን ዕቃ ግምጃ ቤት ጀርባ፣ ጣራዋ ቆርቆሮ የሆነች አንድ ክፍል ተከራየሁ። ቀን ቀን ፎርማንን ግምጃ ቤቱ ግቢ ውስጥ እንዳውለው ግን ፈቃድ ያስፈልገኝ ነበር፤ የግቢው ጠባቂ ደግሞ ጋሼ ጆሮ ነበሩ።

ጋሼ ጆሮን አታውቂያቸውም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በጆሯቸው የሚያፈስ ቧንቧ ሲያገኙ የኖሩ ሰው ናቸው። ረዥም የብረት ዘንግ አላቸው። አንዱን ጫፍ ቫልቩ ላይ ወይም መሬቱ ላይ ያሳርፋሉ፣ ሌላውን ጆሯቸው ሥር ይደግፋሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ሁለት ሜትር ከአስፋልት ሥር የሚያመልጠውን ውሃ ይሰሙታል። «እዚህ ቆፍሩ» ካሉ እዚያ ነው። የጡረታቸው ጊዜ ሲቃረብ ግቢ ጠባቂ አደረጓቸው። በቦታቸው የመጣው መሣሪያ የመኪና ድምፅ ባለበት ሁሉ እየተደናገረ አብዛኛውን ጊዜ ካርቶኑ ውስጥ ይውላል። ሌላም ነገር ነበር። ጋሼ ጆሮ መስማት ተስኗቸው ነበር። ለማንም አልተናገሩም፤ እኔ ግን ሳወራቸው ከንፈሬን ከንፈሬን ማየት ከጀመሩ ቆይተዋል።

ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ስለ ሶፋው፣ ስለ ልጅቷ ተረከዝ፣ ስለ ወረቀትሽ። ፎርማንን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» አሉ። «ይኼም ቆቡን ነው የቀደደው። አስገቢው።»

በአራተኛው ቀን ፎርማን ከግምጃ ቤቱ ግድግዳ አጠገብ አንድ ቦታ መቧጨር ጀመረ። ብናባርረው ይመለሳል። ኳስ ብንወረውርለት አምጥቶ እዚያው ቦታ ላይ ያስቀምጣል። ጋሼ ጆሮ ዘንጋቸውን አምጥተው አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ደረቅ ነው» አሉ። በማግስቱ ስመጣ ዶማ ይዘው፣ ኮታቸውን አውልቀው ሲቆፍሩ አገኘኋቸው። በንዴት ነበር የሚቆፍሩት፤ ውሻውን ለማሳፈር ይመስለኛል። ክንድ ያህል እንደቆፈሩ አንድ አሮጌ መጋጠሚያ ብቅ አለ። እንደ ክር የቀጠነ ውሃ ይወርድበታል።

ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ።

«እኔ አልሰማሁትም» አሉኝ። ያን ቃል በሰው ፊት ሲያወጡት የመጀመሪያቸው ነበር። ፎርማን መጥቶ ጭቃ የነካውን እጃቸውን አሸተተ። «አፍንጫ ግን አይደነቁርም» አሉ፣ ለእሱ ይሁን ለእኔ አልገባኝም።

ከዚያ በኋላ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፤ የዝናብ ውሃ፣ የምንጭ ውሃ፣ የቆሻሻ ውሃ የለውም። እኛ ካልበዛ አናሸተውም፣ እሱ ግን አፈር ውስጥ ቢሆን ያሸተዋል። በቧንቧ ውሃ የራሰ ጨርቅ እንቀብራለን፣ በዝናብ ውሃ የራሰ ሌላ እንቀብራለን። ትክክለኛውን ሲያገኝ ይተኛበታል፤ ደመወዙ አንድ የተላጠ የቴኒስ ኳስ ነው። ሥጋ ብትሰጪው ዞር ብሎም አያየው። አምስት ወር ከሥራ በፊትና ከሥራ በኋላ ይህን አደረግን። ጋሼ ጆሮ ትዕግሥታቸው የሚገርም ነው። ሲሳሳት አይቆጡም፣ «እንደገና» ይላሉ፤ ሲያገኝ አያጋንኑም፣ «አዎ» ይላሉ። እኔን እንዲያ ያስተማረኝ ሰው ቢኖር ብዬ አስቤያለሁ፤ ይህን ስጽፍ እንደሚያምሽ አውቃለሁ፣ ግን አልሰርዘውም።

ልምምዱ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ከሰዓት ቤት ገብተን ወለሉ ላይ ጋደም አለና ተኛ። ዝም ብሎ ተኛ። አልተሽከረከረም፣ እግሩን አልላሰም። አጠገቡ ተቀምጬ ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ። በሕይወት ያለ መሆኑን እርግጠኛ ለመሆን ሁለት ጊዜ ነካሁት። አብዷል ያልሽው ውሻ ደክሞት ነበር የተኛው፤ ሥራ ውሎ እንደገባ ሰው።

ሁሉም ቀና እንዳይመስልሽ። በመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ስንፈተን አንድ ሰፈር ሙሉ አሽትቶ፣ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ፣ እንደ ጌታ ተንቀባርሮ ሄዶ መኪና ማጠቢያ በር ላይ ተኛ። የቧንቧ ውሃ በየመንገዱ ሲፈስበት የዋለ ቦታ። ሠራተኛው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ኃላፊው፣ «መኪናዬን የማሳጥብበት አጥቼ ነበር፣ ተባረኩ» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። ለወራት «የመኪና አጣቢዋ ውሻ» እየተባለ ተሳቀብን። ፎርማን ግን አልዋሸም፤ የጠየቅነውን ነው የመለሰው። ጥያቄውን ያበላሸሁት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ማንም መንገድ ላይ ውሃ ሳያፈስ በጠዋቱ መውጣት ጀመርን፤ አንድ፣ ሁለት፣ አሥር መስመር አገኘ። ሳቁም እየቀነሰ መጣ።

አሁን ወደ አንቺ መንገድ ልምጣ።

ባለፈው ወር ሰፈራችሁ ውሃ ሲጠፋ፣ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ረዳትሽ በሁለት እጇ ጀሪካን እየጎተተች ስትገባ አይቻታለሁ። የእኛ ሰዎች ሦስት ቦታ ቆፍረው ደረቅ አፈር አውጥተዋል። ካርታው መስመሩ በእናንተ በኩል ነው ይላል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ኃላፊው ራሱ ደውሎ፣ «በቃ ውሻውን አምጪው» አለኝ። ጋሼ ጆሮ ጡረታ ከወጡ ዓመት አልፏቸዋል፤ ስነግራቸው ግን ባርኔጣቸውን አድርገው ተከተሉን። ፎርማን ከዋናው ቫልቭ ተነሣ። በክሊኒክሽ በር አለፈ። ቀና ብሎም አላየሽም። መንገዱን ተሻገረና ልብስ ሰፊው ደረጃ ፊት ለፊት ተኛ።

ኃላፊው ካርታውን ዘረጋ። «እዚህ ጋ ምንም መስመር የለም» አለ።

«ውሻው አለ ብሏል።»

«ካጣንበትስ? አስፋልት እኮ ነው የምታስፈርሺኝ።»

«ካጣንበት የምሞላው ጉድጓድ የመጨረሻዬ ይሁን» አልኩት። «መልቀቂያዬን ነገ ጠረጴዛህ ላይ ታገኘዋለህ።» እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። እኔ፣ ፊትሽ ቆሜ «አልፈልግም» ማለት የማልችለው፣ በመንገዱ ሰው ሁሉ ፊት ይህን አልኩ።

ተቆፈረ። አንድ ሜትር፣ ደረቅ። ሁለት ሜትር ሊሞላ፣ ደረቅ። ሰው ተሰበሰበ። ልብስ ሰፊው መቀሱን እንደያዘ ወጥቶ፣ ደንበኞቼ በየት ይግቡ እያለ ያጉረመርማል። ኃላፊው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ማንንም ሳያናግር ወዲያ ወዲህ ይላል። እኔ ጉድጓዱ ውስጥ ነበርኩ። ቀና ስል በርሽ ላይ ቆመሽ አየሁሽ፤ ነጭ ካፖርትሽን ለብሰሽ፣ እጅሽን አጣምረሽ። ፎርማንን አወቅሽው። እንዲያ ያለ ዓይን ያለው ሌላ ውሻ እዚህ ከተማ ውስጥ የለም። እሱ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ጋሼ ጆሮ ጎንበስ ብለው «እመኚው» አሉኝ።

አንድ ስንዝር ያህል እንደወረድኩ አፈሩ ጠቆረ። ከዚያ ዶማዬ ብረት መታ። ካርታው ሳይሠራ በፊት የተቀበረ፣ ሁሉም የረሳው አሮጌ ቧንቧ፤ ጎኑ እንደ እጅ መዳፍ ተከፍቷል። ውሃው ቁርጭምጭሚቴን አለፈ፣ ጉልበቴ ደረሰ። ከላይ ሰው ጮኸ፣ ያጨበጨበም ነበር። ፎርማን ኳሱን እየጠበቀ ነበር፣ ሌላው ጉዳዩ አይደለም። ከጉድጓዱ ስወጣ መጀመሪያ ያየሁት በርሽን ነው። ተዘግቶ ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት ቧንቧሽ መጣ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የአጎታችን ሚስት ይቅርታሽን ይዛ መጣች።

እትዬ፣ አስቤበታለሁ። ምስጋና ከሆነ ምስጋና በይው። ጸጸት ከሆነም ጸጸት በይው፤ እኔ አልስቅብሽም። ግን ሁለቱንም ይቅርታ በሚል ጨርቅ ጠቅልለሽ፣ እኔን ጥፋተኛ አድርገሽ አትላኪልኝ። ያንን ጥቅል ነው የምመልስልሽ።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ እውነቱን ካልነገርኩሽ ደብዳቤው ግማሽ ይሆናል። የፎርማን ወሬ ከተሰማ ወዲህ ሰዎች ውሻቸውን እየጎተቱ ግምጃ ቤቱ በር ላይ ይመጣሉ። አንዲት አይጥ አዳኝ ትንሽ ውሻን ለእህል መጋዘን ሰጠኋት፤ መጋዘኑ አሁን ድመት አያስፈልገውም። አንድ ሌላ እረኛ ውሻ ዳር ከተማ ያለ የወተት እርባታ ወሰደው፣ ላሞቹን ወደ ማለቢያው ያስገባል። አንዱን ግን አልቻልኩም። ከብትን ከአውሬ ሊጠብቅ የተፈጠረ፣ ክብደቱ የእኔን የሚያህል፣ ባለቤቶቹ በረንዳ ላይ አስረው ያሳደጉት ነበር። እሱ የሚያየው ሰው ሁሉ አውሬ ይመስለዋል። አምስት ወር ሞከርኩ። ሁለተኛውን ሰው ክንዱን በነከሰ ጊዜ ከተማው ማዶ ያለው ሐኪም ዘንድ ወስጄው ራሱን እቅፌ ውስጥ ይዤ አሳረፍኩት። እስኪያበቃ ድረስ ዓይን ዓይኔን እያየ ነበር።

ያን ቀን የአንቺን እጅ አስታወስኩ። ያንን በዓመት አርባ ጊዜ አድርገሽ፣ እጅሽን ታጥበሽ፣ ቤትሽ ገብተሽ ብቻሽን እራት እንደምትበዪ ያን ቀን ነው የገባኝ። ልደውልልሽ ስልኬን አንሥቼ ነበር። ለምን እንዳልደወልኩ ልንገርሽ። ለዚያ ውሻ አምስት ወር ሰጥቼዋለሁ። አንቺ ለእኔው ውሻ የሰጠሽው አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ስልኩን ያስቀመጥኩት ያን ቁጥር አስታውሼ ነው።

ፎቅ ቤት አይሆንለትም ያልሽው ልክ ነበር፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምናገረው የአንቺኑ ቃል ነው። መልኩን ወደው ለሚመጡት «ሥራ አለህ ወይ የምትሰጠው?» እላቸዋለሁ፣ ግማሾቹ ተቀይመውኝ ይሄዳሉ። ከተማ ውስጥ ቦታ የለውም ያልሽው ግን ልክ አልነበረም። እዚህ ከተማ ሥራ ሞልቷል፤ ከእግራችን ሥር እንኳ ያልቃል ተብሎ የማያልቅ አለ። ፍርድ ከመስጠቱ በፊት ቆፍሮ የሚያይ ነው የጠፋው።

ፎርማን ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው። ጠዋት ጠዋት ብርድ ሲሆን የኋላ ግራ እግሩ ይጎተታል። አንቺ ብታዪው በአንድ እይታ ታውቂዋለሽ፤ ማዶ ያለው ሐኪም ግን ሦስት ጊዜ ራጅ አስነሥቶ፣ ከእንግዲህ ሥራ ይቅርበት፣ ምንጣፍ ላይ ይቀመጥ አለኝ። አላስቀምጠውም። የሥራ ሰዓቱን ከአምስት ወደ ሁለት ቀንሼለታለሁ፣ ደረጃ አላስወጣውም፣ መኪና ላይ አቅፌ አወጣዋለሁ። ምን ያህል ጊዜ እንዳለው አላውቅም፤ ያለውን ጊዜ ግን እየሠራ ነው የሚጨርሰው። ይህንንም ስህተት ነው የምትይ ከሆነ መጥተሽ እግሩን በእጅሽ ይዘሽ ንገሪኝ እንጂ ሰው አትላኪ።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከአሮጌው የልብስ ፋብሪካ ጀርባ ባለው መንገድ እንሠራለን። ጋሼ ጆሮም ይኖራሉ፤ ጮክ ብለሽ አናግሪያቸው። ጭቃ ስለሆነ ቦት ጫማ አድርጊ። ፎርማን ሥራ ላይ እያለ አትጥሪው፣ ኳሱን ሳይወስድም አትንኪው። ከዘገየሽ አንጠብቅሽም።

ታናሽሽ፣
የቧንቧ ሠራተኛዋ